እህል እንቢ ያለች ድመት

እህል እንቢ ማለት ክፉ ነው፣ ልጆቼ፤ ለሰውም ለእንስሳም። ይኸ የምነግራችሁ ዘንድሮ በሁዳዴ፣ ሞጣ ላይ የሆነ ነው።

ወይንእሸት ሞጣ ከተማ ክር ትሸጣለች። አባቷ ብቸና ላይ ሲያርፉ እናቷን፣ እማማ አየሁሽን፣ «ብቻሽን አልተውሽም» ብላ ወደ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። እሳቸውም ከዚያ ሁሉ ንብረት ድመታቸውን ብቻ በዘንቢል ይዘው መጡ። ጉንደ ወይን ላይ ድመቷ መኪና ውስጥ ብትጮህ፣ «ዝም በይ፣ እኔም ዝም ብያለሁ» አሏት አሉ።

ሞጣ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ድመቷ መብላት ተወች። ወተት ቢቀርብላት አሽትታ ዞረች። ዕንቁላል ተቀቀለላት፤ አየችውና ተኛች። ጠጉሯስ ያብረቀርቃል፤ ግን ማን ልብ ብሎ!

«ባገሯ ትበላ ነበር። ብቸና መልሻት» ይላሉ እማማ አየሁሽ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው።

«እምዬ፣ እዚያ ማን አላት? ቤቱ እኮ ተዘግቷል።»

«እሷ ከሞተች እኔም አልቆይ።»

ወይንእሸት ይህን ስትሰማ ወተቱን እንደገና ታሞቃለች። የአባቷ እንባ ገና ከዓይኗ አልደረቀ፤ እናቷን ደግሞ በድመት ሰበብ ልታጣ?

እማማ አየሁሽ ቅዳሴ እስኪወጣ ነው የሚጾሙት። ወይንእሸት ሽሮ ፍትፍታቸውን ከድናላቸው ወደ ሱቋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሳህኑ ጥርግ ብሎ ታገኘዋለች። «ተመስገን፣ እምዬስ በላችልኝ» ትልና ወደ ድመቷ ትዞራለች።

ጎረቤቷን ፋንታን ጠረጠረችው። ድመቷ እንደ መጣች ሰሞን ጫጩቱን በልታበታለች፤ የአይጥ መርዝ ሲገዛም ታይቷል።

«ምን አበላህብኝ?» አለችው በአጥር ላይ።

«እኔን ነው? ጫጩቴን በልታ ንስሐ ገብታ ይሆናላ! ይኸው ከቄሶቹ ብሳ ጾመች!»

«ቀልድብኝ አንተ! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

ፋንታ ሳቁን ዋጠ።

በማግስቱ ድመቷ ጥግ ላይ ተጋድማ አልነሣ አለች። ወይንእሸት በነጠላዋ ጠቅልላት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ይታያል ሮጠች። «አርሴማ እናቴ፣ ይህችን ድመት አትርፊልኝ፤ ጧፍ አገባለሁ» እያለች፣ እያለቀሰች።

ይታያል የድመቷን ሆድ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። ድመቷን አቅለሸለሻትና ሽሮ ፍትፍት አስመለሳት።

«መርዝ ነው? ንገረኝ፣ አትደብቀኝ!»

«የምን መርዝ፣ እህቴ! ከልክ በላይ ጠግባ ነው። በየቀኑ የአንድ ሰው ድርሻ የሚያበላት አለ።»

ወይንእሸት ድመቷን እዚያው ጥላ ወደ ቤት በረረች፤ «እምዬ!» ብላ ከመደቡ ልታነሣቸው እቅፍ ስታደርጋቸው፣ ክንዷ ውስጥ የገባው ጋቢው ብቻ መሰላት።