በራሱ ግብ ላይ ያስቆጠረው ወንድም

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮዬን!»

ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ ማሽኑን አነሳ። ደንበኛው ጆሮውን ይዞ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠበት...

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይቅርታ... እስቲ አሁን ያነበብከውን ድገምልኝ።»

«የቱን? የጌሙን?»

«አዎ፣ እሱን።»

«ሁለቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተስማሙ ነው የሚለው። የአንደኛው ጌም ያለው ሰው፣ የሌላኛው ካለው ጋር በኢንተርኔት መጫወት ሊችል ነው። አንተን ደግሞ ምን አገባህ? በዚህ ዕድሜህ!»

ፀጉር አስተካካዩ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው። ግን ነገሩ የጌም አልነበረም...

ታናሽ ወንድም አለው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በቁመት በልጦት፣ ሚስት አግብቶም እንኳን «ጩጬ» እያለ ነበር የሚጠራው።

ሁለቱ ያደጉት ኮስታራ አባት ቤት ነው። በዚያ ቤት «ይቅርታ» የሚባል ቃል የሚወጣው ቀበቶ ሲመዘዝ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጆቹ የራሳቸውን መላ ዘየዱ።

ሲኳረፉ፣ ያጠፋው የእግር ኳስ ጌሙን ይከፍታል። ጨዋታው እንደተጀመረ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ ይሮጥና በራሱ ግብ ላይ ያስቆጥራል። «አጥፍቻለሁ» ማለት ነው።

የተቀየመው ይቅር ካለ፣ እሱም በተራው በራሱ ላይ አንድ ያገባል። አንድ ለአንድ። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ጨዋታ የሚጀመረው።

ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እናታቸው ሞተች...

ታናሽየው ረጅም መንገድ ላይ ነበርና ቀብሩ አመለጠው። አቧራውን እንኳን ሳያራግፍ ሲገባ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጮኸበት።

«አንተን እንደናፈቀች ነው የሞተችው! አንተ ነህ የገደልካት!»

ውሸት ነበር። ሲናገረውም ውሸት መሆኑን ያውቃል።

ጩጬው ወጥቶ ሄደ። እነሆ ሁለት ዓመት...

ፀጉር አስተካካዩም በእልህ የራሱን የጌም ማሽን ገዛ። ያውም «የወንድሜን ዓይነት አታሳየኝ» ብሎ የተፎካካሪውን!

እና አሁን ሁለቱ ማሽኖች ሊገናኙ ነው ተባለ። ፀጉር አስተካካዩ ደስታው ወሰን አጣ። እንደ ልጅነታቸው አንድ አስቆጥሮ ሊታረቅ ነዋ!

አንድ ወር... ሦስት ወር... ስድስት ወር።

ኩባንያዎቹ «በቅርቡ» ይላሉ። «ሙከራ ላይ ነን» ይላሉ።

ሚስቱ ታዝባ ታዝባ አንድ ቀን አላስቻላትም።

«አንተ ሰው፣ የወንድምህ ቤት እኮ ሁለት ፌርማታ ነው። እግር የለህም?»

«መስመሩ ይከፈት ብቻ...»

ለማያውቀው ደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ ይቅርታ የሚል ሰው፣ ለወንድሙ ሲሆን ምላሱ ይተሳሰራል። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን፣ አንዋሽ።

በመጨረሻ ተከፈተ።

የወንድሙን ስም ፈለገ... «ጩጬ» ይላል። ስሙን አልቀየረውም! የጨዋታ ግብዣ ላከ። ወዲያው ተቀበለው።

ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ ሮጠ። በራሱ ላይ አገባ። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ጠበቀ...

ጩጬው ግን ኳሷን ቀምቶ መጣና ሌላ ጎል አከለበት።

በማግስቱም በራሱ ላይ አገባ። መልስ የለም። እንዲያውም ወንድምየው ተከላካዮቹን ሁሉ ግቡ ፊት ደርድሮ ይጠብቃል።

አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ደሙ ፈላ።

«ይበቃል! እኔ ስለምነው እሱ ይሳለቅብኛል!»

ማሽኑን ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረው።

ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የወንድሙ ሚስት ናት። መናገር አልቻለችም፣ ታለቅሳለች ብቻ...

ከቀብር መልስ ፀጉር አስተካካዩ የወንድሙ ክፍል ገባ። አልጋው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተስቦ፣ ትራሱ ከፍ ተደርጎ ነበር።

«ሳይታረቀኝ ሄደ» አላት የወንድሙን ሚስት። «አምስት ቀን ሙሉ በራሴ ላይ አገባሁለት። ይቅርታ መጠየቂያችን እሱ ነበር። ይቅር ቢለኝ እሱም በራሱ ላይ ያገባ ነበር። አንድ እንኳን አልመለሰልኝም።»

ሴትየዋ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ... ሲጫወት የነበረው እኮ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«የነርቭ በሽታ ነው። ቀድሞ እጁን፣ ቀጥሎ አንደበቱን ወሰደበት። ስምህን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደስ ይበለው ብዬ ጆይስቲኩን ያዝኩለት። አንተ በራስህ ላይ ስታገባ፣ የምትንቀሳቀስለት አንዲት ጣት ቀርታ ነበር... በእሷ ወደኛ ግብ ያሳየኛል። ደጋግሞ። እኔ ‹ጠብቂ› የሚለኝ መስሎኝ...»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጠበቅኩት ጋሼ። ማንንም አላስጠጋ አልኩ።»

ፀጉር አስተካካዩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ይቅር ተብሏል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቅር ተብሏል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሊናገር በሚችልበት ጊዜ አስምሎኝ ነው። ‹አዝኖልኝ ሳይሆን ፈልጎኝ ይምጣ› አለኝ። አንተ ከቀረህ በኋላም ቴሌቪዥኑን አላስጠፋም ብሎ ሲጠብቅህ ነበር...»

ወዳጆቼ... ገበያ የሚሻሙ ሁለት ኩባንያዎች ተስማሙ። ከአንድ ማህፀን የወጡት ሁለቱ ግን ሳይገናኙ ቀሩ።

የበደላችሁት ሰው ካለ ምልክት አትላኩለት። ሄዳችሁ በአፋችሁ ንገሩት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በሚስቲቱ ቦታ ብትሆኑ መሐላችሁን ትጠብቁ ነበር ወይስ ደውላችሁ ትነግሩት ነበር? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን 👇