መጋዘን የተባለው ጓዳ

«እኔ ባልኖር ይሄ ሱቅ ሳሙና እንደሸጠ ያረጅ ነበር!» አለች ፈይሩዝ፣ ፕላኑን ባንኮኒው ላይ ለእንግዳው እየዘረጋች። «ድርጅታችሁ ጋ የደወልኩት እኔ፣ ክፍሎቹን የለካሁት እኔ፣ ነገ ካሸሯም እኔ! አባዬማ ሜትር የሚያውቀው ላስቲክ ሲሸጥ ብቻ ነው።»

አባቷ ኸይሩ ፈገግ አለ። ምን ያድርግ፣ የልጅቱ ምላስ ከተወለደች ጀምሮ አርፎ አያውቅም። ኢንጂነር ቸርነት ግን አልሳቀም። ከአዲስ አበባ ሶዶ ድረስ የመጣው ቤቱና ፕላኑ መግጠማቸውን ሊያይ ነው። እሱ «ጸድቋል» ካላለ ድርጅቱ ኩኩሉ ጥብስ ዶሮ ሱቁን ቅርንጫፍ ምግብ ቤቱ አድርጎ ስሙን አይሰጥም፤ አንዲት ብሎኬት አትነሳም።

«መጋዘኑን ክፈቱልኝ» አለ።

ኸይሩ አቀረቀረ። በሩን የገፋችው ፈይሩዝ ናት።

ፕላኑ ላይ መጋዘን የተባለው ጓዳ ውስጥ አልጋ አለ። አልጋው ላይ የኸይሩ አባት፣ አባባ ጀማለዲን፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ይሄን ሱቅ ከባዶ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ግን ጤነኛ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኢንጂነሩ። «ሰው የሚያድርበት ቤት አናጸድቅም እኮ።»

«ሰው አይደለም፣ የድሮ ዕቃ ነው» አለች ፈይሩዝ። «ኤክስፓየር ያደረገ። እስከ እሁድ ይነሳል።»

ኢንጂነሩ አሁን ሳቀ። እንግዳ ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ይመስል ኸይሩም አብሮ ሳቀ። የሙስበሃው ድምፅ ቆመ። ፈይሩዝ መቆሙን ሰምታለች፤ ግን አንዴ ያሳቀ ምላስ መች ይሰበሰባል?

«ሰው የሚመስለው ሲያስነጥስ ብቻ ነው» ብላ ጨመረችበት።

«እንግዲያው እሁድ ባዶ ይሁን። ጸድቋል» አለ ኢንጂነሩ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ለመሆኑ የት ይሄዳሉ?»

«ዲምቱ፣ እህቴ ዛራ ዘንድ። እኛ ቤት ቦታ የለም» አለ ኸይሩ። «ዛራ ቀኑን ሙሉ ገበያ ነች፤ ፈይሩዝ አብራቸው ሄዳ እዚያው ትቀመጣለች። ታበላቸዋለች፣ ታጥብላቸዋለች።»

ፈይሩዝ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «እኔ? ካሸሯስ ማን ልትሆን ነው?»

«ካሸር ድርጅቱ ነው የሚልከው፤ የተማረች» አለ ኢንጂነሩ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያያት።

«አባዬ! ንገረው እንጂ!»

ኸይሩ ግን ፕላኑን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ እንግዳውን ሊሸኝ ወጥቷል። ፈይሩዝ የጓዳው በር ላይ ቀረች።

አባባ ጀማለዲን ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«እኔስ አርጅቼ ነው የተጣልኩት» አሉ። «አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ምን ሆነሽ ነው?»