ይጠብቃል ወይስ ይላላል

«ጠብቆ ነው ላልቶ?» ይለኛል መርማሪው፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ።

ወረቀቱ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ የጻፍኳትም እኔ ነኝ። «እሁድ ሚኒስትሩ ይመታል።» የክፍል ኃላፊያችን መስኮቱ ጋ ቆሞ የሻይ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። ወደ እኔ አያይም። ማዳመጫውን ገና አሁን ስላወለቅሁት ጆሮዬን ያሳክከኛል።

«ሰውየውን ከትናንት ወዲያ ይዘነዋል» ይላል መርማሪው። «ልብስ ሰፊ ነው። ሚኒስትሩ የምንለው የሰፈራችንን አናጢ ነው ይላል፤ ኳስ ሜዳ ከረባት አስሮ ስለሚመጣ ያወጣንለት ስም ነው ይላል። እሁድ ፔናሊቲውን እሱ ይመታል ማለቴ ነው ይላል።»

«አናጢ ሚኒስትር!» ይላል ኃላፊያችን። «እሱስ ቢሆን ቢያንስ ወንበር ይሠራልን ነበር።» ብቻውን ይስቅና መሀል ላይ ያቆማል። «ቀልድ ነው» ይላል ወዲያው፤ ለማን እንደሚል እንጃ።

ልብስ ሰፊው እውነቱን ነው። ስልኩን ስሰማ ወራት አልፈዋል። ማን ፈቀደ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የዳኛ ፈቃድ የሚባል ነገር በዚህ ቤት በር ገብቶ አያውቅም። ሚስቱን «እመቤቴ» እንደሚላት፣ ለነገ ያለውን ሱሪ ለሳምንት እንደሚያደርስ፣ ፔናሊቲ ስቶ የሰፈር መሳቂያ እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ለጓደኛው ደውሎ «እኔ ሁለተኛ አልመታም» አለ። ቀጥሎ ነው «እሁድ ሚኒስትሩ ይመታል» ያለው። አላልቶ፣ እየሳቀ።

የእኛ ሥራ ደግሞ ከተሰጡን ቃላት አንዱ ሲነሳ፣ እሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ወደ ላይ መላክ ነው። «ሚኒስትር» ከቃላቱ አንዱ ነው። ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ ምሳዬን በላሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ላልቶ ሲነበብ ሚኒስትሩ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። ላይ ያሉት አጥብቀው አነበቡት።

«ድምፁ ቢኖር ሰምተን እንገላገል ነበር» ይላል መርማሪው።

«ከተጻፈ በኋላ ይጠፋል» ይላል ኃላፊያችን። «ማስቀመጫ ቦታ የለንም።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እዚህ ቤት ግን የተናገሩት ይጠፋና የጻፍነው ይቀራል።

«እንግዲህ የቀረን የአንቺ ጆሮ ነው» ይለኛል መርማሪው። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። «እህቴ፣ ኳስ ነው ካልሽኝ ሰውየው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። እኔም አርፋለሁ። ብቻ ኳስ መሆኑን እያወቀች ለምን ላከችው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያው የቤቱን ነገር ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ እንዲሁ አንድ ነገር ተጠየቀች፤ አሁን ወንበሯ ላይ ኮቴን አስቀምጥበታለሁ። የእሷን ስልክ የሚሰማው ማዶ ያለው ክፍል ነው ይባላል።

ፍርሃት ቢመጣ ደስ ባለኝ። አልመጣም። ሀዘንም አልመጣም። ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ውስጤ ደንዝዟል፤ ብቆነጥጠውም አይሰማኝም።

«የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» እላለሁ።

«እሱማ ነው። እስቲ እንደሰማሽው አንብቢልኝ።»

ኃላፊያችን አሁን ወደ እኔ ይዞራል። ብርጭቆው እጁ ላይ ቆሟል።

«እሁድ ሚኒስትሩ ይመታል» ብዬ አነባለሁ። «መ»ንም «ታ»ንም ረግጬ፣ ጥብቅ አድርጌ። ከአፌ ሲወጣ ጤነኛ ዓረፍተ ነገር ይመስላል።

መርማሪው ትንሽ ያየኛል። ሌላ ነገር ትላለች ብሎ አስቦ ነበር መሰለኝ። «ይጠብቃል» ብሎ ጫፉ ላይ ይጽፍና አመስግኖኝ ይወጣል። ኃላፊያችን ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ሻይ ይምጣልሽ ወይ ይለኛል። አልፈልግም እላለሁ።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ማዳመጫውን አጠልቃለሁ። የልብስ ሰፊው ቤት መስመር ላይ ሰው አለ። ሚስቱ ናት፤ ለአናጢው ደውላለች።

«ስነፈርቅ ከርሜ ዛሬ ገና ታየኝ» ትላለች። ድምጿ ቀለል ብሏል። «ስልካችንን ሲሰማ የነበረ ሰው አለ አይደል? እሱን ይጠይቁት! ሲስቅ ሰምቶታል። ኳስ መሆኑን ያውቃል። ጆሮ ጠቢም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፤ ምን አድርገነው ይዋሽብናል?»

«ተይ እህቴ» ይላል አናጢው በሹክሹክታ። «በስልክ ይቅርብን።»

«ለምን ይቀራል? ይስማ እንጂ! አንተ የወጣልህን ስም እንኳ ለመስማት ፈራህ፤ እሱ ግን አይፈራም፣ የእነሱው ሰው ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ስልኩ ትጠጋለች መሰለኝ፣ ትንፋሿ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

«ወንድሜ» ትላለች፤ አናጢውን አይደለም። «አንተ የምትሰማው፣ እየሰማኸኝ ነው?»

ከዚያ መልሴን ትጠብቃለች።