በግምት የተለጠፉ ቃላት

«አሁን ይህን ምን ብዬ ልንገራት?» አያትየዋ ግድግዳውን ተደግፈው ይህንኑ ያብሰለስሉ ነበር። የልጅ ልጃቸው ለቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ በየዕቃው ላይ የተለጠፉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ታነበንብ ነበር። ለሥራ ርቆ የሄደው አጎቷ ነበር ጽፎ የለጠፈላት፤ ትርጉማቸውንም የምታውቀው ከተለጠፉበት ዕቃ ብቻ ነው። የበሩን ማጠፊያ ነካ አድርጋ «ቫልቭ!» አለች። ወደ ቧንቧው ዞራ ደግሞ «ሂንጅ!» የማጠፊያው ስም ለቧንቧው፣ የቧንቧው መክፈቻ ስም ለማጠፊያው ሆኗል።

አያትየዋ ፊደል ቆጥረዋል፤ የፈረንጁን ፊደል ግን አያውቁትም። አጎቷ በሄደ ማግስት ቤቱን ሲወለውሉ እርጥቡ ጨርቅ ወረቀቶቹን አላቆ ጣላቸው። ልጅቷ ሳትመጣ ብለው በግምት መልሰው ለጠፉ።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቶቹን... መልሼ የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ። ቦታ ቦታቸውን እንጃ።»

የጫማዋ ክር ከእጇ አመለጠ። «እየቀለድሽ ነው አይደል እማማ? ሳምንቱን ሙሉ ስሸመድድ እያየሽኝ?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ...»

«ስንቱ ነው ትክክል?»

«እኔ ምኑን አውቄው!»

«ታዲያ አሁንስ ለምን ነገርሽኝ? ግማሽ ሰዓት ነው የቀረኝ! ስህተቱንም በልበ ሙሉነት ብጽፈው ይሻለኝ ነበር እኮ!»

ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ «መርቂኝ» ትላቸው ነበር። ዛሬም እጃቸውን አንስተው ጠበቁ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው ላይ ላፍ አድርጋ፣ በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።