ያልደረቀው አፍንጫ

ቀለም ቀቢው የብረቱን ውሻ አፍንጫ በቀይ ቀብቶ ሲጨርስ ውሻውን የሚወስደው የጭነት መኪና በር ላይ ደርሶ ነበር። ውሻው ቢጫ ነው፤ ጆሮዎቹ መጥበሻ ያካክላሉ፤ ያየው ሁሉ ሳቁ ይመጣበታል።

«እትዬ፣ አፍንጫው አልደረቀም፤ እንዳይነኩት።»

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ ውሻውን የሠራው ሟች ቀራፂ ሚስት። ከበረንዳው ወርደው፣ ውሻውን በሩቁ አልፈው፣ ለሹፌሩ በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።

ቀቢው ብሩሹን ጠራርጎ ቀና ሲል ክው አለ። ውሻው ካለበት አልተነቃነቀም። አፍንጫው ላይ ግን ቀለም አልነበረም፤ ብረቱ ገጦ ይታያል። በእትዬ ነጭ ቀሚስ ላይ፣ ከጉልበታቸው በስተኋላ፣ ክብ ቀይ እድፍ ነበር።

«እትዬ፣ ቀሚስዎ...»

«አውቃለሁ» አሉ ሳይዞሩ፣ በሹክሹክታ። መቀርቀሪያውን ስበው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ለዚህ እኮ ነው ውሰዱልኝ ያልኩት።»