ዘጠኙ ዜሮ

በሮተርዳሙ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ሐበሾች ዘንድ መርዶ ነጋሪው ጋሽ ኸሚስ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ ሰው በሞተ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አነጋገራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። የባለ መርዶውን ሁለት እጆች ይይዙና «መጀመሪያ ቁጭ በል» ይላሉ። የቆመ ሰው ይወድቃል፣ የተቀመጠ ያለቅሳል ባይ ናቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሁለት ጎረቤቶቻቸው፣ አብዱረህማንና ሂዳያ፣ በራቸውን አንኳኩ።

«ጋሼ፣ መርዶ አለ» አለ አብዱረህማን። «ጂብሪል ወዳለበት፣ ወደ ሜዳው እንሂድ።»

ጋሽ ኸሚስ ማን እንደሞተ አልጠየቁም። አባቱ ጂብሪልን በልጅነቱ ወደዚህ ሲያመጣው እናቱ ኮምቦልቻ ቀርታለች፤ አልጋ ከያዘች ዓመት አልፏታል። ምኑ ይጠየቃል?

የማኅበሩ የለቅሶ ወንበሮች የሚቀመጡት እሳቸው ቤት ስለሆነ ሂዳያ ቁልፉን ተቀብላ ቀረች። አብዱረህማን ደግሞ ሰው እየደወለ ወሬው እንዳይወጣ ብሎ ስልካቸውን ወሰደ። ይህን ዘዴ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

ጂብሪል የሮተርዳም ቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነው፤ እንጀራውም ይኸው ነው። የዛሬው ተጋጣሚ ባላንጣቸው አምስተርዳም ነው። ጂብሪልና ሙሀይሚን፣ የጋሽ ኸሚስ አንድ ልጅ፣ ያደጉት በአንድ ደረጃ ላይ እየተሯሯጡ ነው። ጂብሪል የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረው ለሙሀይሚን ነበር። ሙሀይሚን ሥራ ይዞ አምስተርዳም አጠገብ አምስተልቨን ከገባ ወዲህ ግን ነገር ፍለጋ የአምስተርዳም ደጋፊ ሆኗል። ሐሙስ ዕለት በስልክ «እሑድ ዜሮ አስታቅፈናችሁ ነው የምንሄደው» ብሎ አባቱን አስቋቸዋል። ከባላንጣዎቹ ጎን እንደሚቀመጥም ነግሯቸዋል።

ሜዳው ሲደርሱ ጨዋታው ሊጀመር ነበር። ጋሽ ኸሚስ ልጁ ዘጠኙን ዙር ሳይጨርስ እንዳይነገረው፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አሉ። በሁሉም ነገር የሚከራከረው አብዱረህማን ወዲያው እሺ አለ።

የጨዋታውን ሕግ እምብዛም አያውቁም። ሰሌዳው ላይ በአምስተርዳም ስም ትይዩ ዜሮዎች ሲደረደሩ ግን ያያሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሕዝቡ ይጮኻል። ጂብሪል ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ዙር ባለቀ ቁጥር ቀና ብሎ ያያቸውና ፊቱን ያዞራል። ልቡ ነግሮታል፣ አሉ በሆዳቸው። እናቱን አፈር ሳያለብስ ኳስ የሚወረውር ልጅ! ዕንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

በስድስተኛው ዙር ሙሀይሚንን ከማዶ ፈለጉት፤ አላዩትም። ባቡር ዘግይቶበት ይሆናል። ዛሬስ በኖረልኝ፣ ለጂብሪል ከሱ በላይ አጽናኝ የለም ብለው ሊደውሉለት ስልካቸውን ጠየቁ።

«ከጨዋታው በኋላ ጋሼ» አለ አብዱረህማን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

አሠልጣኙ በስምንተኛው ዙር ጂብሪልን ሊቀይረው ወጥቶ ነበር። እሱ ግን እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ዝሎም ወረወረ። የመጨረሻው መቺ ዱላውን በባዶ አየር ሰነዘረ፤ ሰሌዳው ዘጠነኛዋን ዜሮ አበራ። ሮተርዳም ሁለት ለባዶ አሸነፈ።

ጓደኞቹ ሊሸከሙት ሲሮጡ በመሃላቸው ሾልኮ፣ ኳሷን እንደያዘ፣ ደረጃውን ወጣ። ጋሽ ኸሚስ ተነሡ። ቃሉን አፋቸው ላይ አዘጋጅተው ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉ።

ጂብሪል እዚህ ያደገ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን አንተ ነው የሚለው። ኳሷን መዳፋቸው ላይ አኖረና የተዘረጉትን እጆች በሁለት እጆቹ ያዛቸው።

«ጋሼ» አለ፤ «መጀመሪያ ቁጭ በል።»