የደጋ ጤፍ

ሰዎች ወደውና ፈቅደው ሲለዋወጡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል ከተባለ፣ እኚህ ሴት ምን ተጠቀሙ? ወጣቱ እህል ተረካቢ ባሕር ማዶ የተማረው የምጣኔ ሀብት ትምህርት መልስ አልሰጠውም። መካነ ሰላም፣ ገበሬው ለመንግሥት በግዴታ የሚያስገባው የኮታ እህል መረከቢያ ቆሞ፣ ሚዛን ላይ ከተቀመጠው ጆንያ ጤፍ ዘገነ። ሴትዮዋ የመጡት ጤፍ ከማይበቅልበት ደጋ ነበር።

«ከየት አገኙት፣ እናቴ?»

«ገበያ ወርጄ በገብስ ለወጥኩት። ሁለት ቁና ሰጥቼ አንድ ቁና። ገብስ ባመጣ፣ ኮታሽ ጤፍ ነው ብላችሁ መለሳችሁኝ።» ሳቅ አሉ። «መሬቴም እንዳንተ ቢማር ጤፍ ያበቅል ነበር።»

«የሚበሉት ገብስ ተረፈዎት?»

«የሚበላውማ ቀድሞ አልቋል። ይኸ የዘሩ ነው።»

እጁ ጤፉን እንደጨበጠ ቀረ። አልቀበልም ቢል ኮታ አላስገቡም ተብለው ይታሰራሉ፤ ቢቀበል የሚዘሩት የለም። ሴትዮዋ ፊቱን አይተው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ!»

ወዳገሩ ከተመለሰ ወዲህ ልጄ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ጤፉን ወደ ጆንያው መልሶ ተረከባቸው። ያን ዕለት ከሰዓት ለበላዮቹ ጻፈ፦ ከደጋ ገበሬ ገብስ እንቀበል፣ ለእኚህ ሴትም ዘር ይላክልኝ። ደብዳቤውን ደሴ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠው። ዝናቡ ገባ፣ የሴትዮዋ ማሳ ጦሙን አደረ፤ መልስ ግን አልመጣም።